«ለበጎ ነው» ማለት የማን ድርሻ ነው?

በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር እንጅባራ ሁለት ነገር ትጠብቅ ነበር። አንደኛው ጥር 23 ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል የሚከበርበት ቀን ስለሆነ ከየወረዳው ፈረስ ይመጣል፣ ኮርቻ ይወለወላል፣ ዓመቱን ሙሉ ሳጥን ውስጥ የከረመው የፈረስ ጌጥ ይወጣል። ሁለተኛው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ነው። ውጤቱ ከፈረሱ በጥቂት ቀናት ቀደመ።

በማግስቱ አንድ ልጅ ቢሮዬ መጣ። ቢሮ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር የሚንጫጫ ጠባብ ክፍል ናት። ሥራዬ ሰው ማማከር ነው። ሥነ ልቦና ተምሬያለሁ፤ መጀመሪያ ከተማሪዎች ጋር፣ ኋላ ደግሞ ከአዋቂዎችም ጋር መቀመጥ ጀመርኩ። ልጁን የላከችው እናቱ ናት። 18 ዓመቱ ነው። ተቀመጠ፣ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ፣ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

«ቲቸር፣ ተማሪ አይደለሁም፤ ጨርሻለሁ። ገበሬ አይደለሁም፤ አባቴ እርሻ እንዳልገባ አድርጎ ነው ያሳደገኝ። ነጋዴም አይደለሁም፤ ብር የለኝም። አሁን እኔ ምንድን ነኝ?»

ዛሬ ብሰማው ወንበሬን ጠጋ አደርግ ነበር። ያን ቀን ግን ሌላ ባለጉዳይ በር ላይ እየጠበቀ ነበር። «አይዞህ» አልኩት። «ሁሉም ነገር ለበጎ ነው። ሕይወት ማለት ፈተና ብቻ አይደለም።» ሌላም ሌላም ነገር ጨመርኩ። ልጁ «እሺ ቲቸር፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ተነሳ። አሥራ አምስት ደቂቃ እንኳ አልቆየም። በሩን በጣም ቀስ አድርጎ ስለዘጋው ያ የሚንጫጫ በር ድምፅ አላሰማም። እኔም ጥሩ ምክር የሰጠሁ መስሎኝ ቀጣዩን ሰው አስገባሁ።

ልጁ ተመልሶ አልመጣም።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያች «ለበጎ ነው» ናት። እሷን ማለት የኔ ድርሻ ነበር ወይ? ከዚያ ቀን ወዲህ ይህ ጥያቄ ከሥራዬ አልተለየም። (የማነሳቸው ሰዎች እንዳይታወቁ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። ጥያቄዎቻቸውን ግን አልነካሁም።)

* * *

በዚያ ዓመት ውጤት የተነገራቸው ተፈታኞች ወደ 900 ሺህ ይጠጋሉ። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የተሰጠበት ዙር ነበር። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ከ1,100 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በቀጣዩ ዓመት ያለፉት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። በእኛ ክልል ከ2015 ክረምት ጀምሮ ግጭት ስለተነሳ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከርሟል፤ ለፈተና መቀመጥ እንኳ ያልቻለው ልጅ ብዙ ነው።

መቶ ልጅ አሰልፋችሁ አስቡት፤ ዘጠና ሰባቱ ወድቋል። እንዲህ ሲሆን የወደቀው ማን እንደሆነ፣ ልጁ ይሁን ትምህርቱ፣ መጠየቅ ተገቢ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ያ ሁሉ ልጅ በአንድ ቀን ወደቀ፤ ግን እያንዳንዱ ስልኩን ይዞ ለብቻው ነው የወደቀው። የጎረቤቱ ልጅ አብሮት መውደቁ አላቀለለለትም። «ሁሉም እኮ ወድቋል» ስትሉት «እኔ ግን እኔ ነኝ» የሚላችሁ ይመስላል። ትክክል ነው። ብዛት የሚያጽናናው ከውጭ ሆኖ የሚቆጥረውን ሰው ነው።

«እኔ ምንድን ነኝ?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ከፈተናው ይበልጣል። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዣን ፖል ሳርትር በ1945 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ባደረገው አንድ ንግግር ይህን ነገር በወረቀት መቁረጫ ቢላ አስረድቶታል። ቢላውን የሚሠራው ሰው ሥራውን ሳይጀምር ቢላው ለምን እንደሚያገለግል ያውቃል። ሰው ግን እንዲህ አይደለም ይላል ሳርትር፤ ሰው መጀመሪያ ይኖራል፣ ምን እንደሆነ የሚታወቀው በኋላ በሚመርጠውና በሚሠራው ነው። እኛ አገር ቢላውን ትተን ኮርቻ ብንል ይሻላል። ኮርቻ ሠሪ ቆዳውን ሳይቆርጥ ፈረሱን ያስባል።

የልጁ ነገር እዚህ ጋ ነው። እሱን እንደ ኮርቻ ነው ያሳደጉት። ገና አንደኛ ክፍል ሳይገባ «ይሄ ዶክተር ነው» ተባለ። እንጨት አትልቀም፣ ከብት አትከተል፣ አንተ ተማር ተባለ። በፍቅር ነው የተባለው፤ አባቱ ራሱ ያላገኘውን ሊሰጠው ነው። ግን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ለአንድ ፈረስ የተሠራ ኮርቻ ፈረሱ የቀረ ዕለት ምን ይሁን? ሳርትር «ነጻ ነህ፣ ምረጥ» ይለዋል። እኔም ያን ቀን ያልኩት በሌላ ቃል ያንኑ ነው። መምረጥን ማንም አስተምሮት የማያውቅ ልጅ፣ መንገዱ በተዘጋበት ዘመን፣ ኪሱ ባዶ ሆኖ «ነጻ ነህ» ሲባል ጭንቀቱ ይብሳል እንጂ አይቀንስም።

* * *

የህልውና ምክር የሚባለው አካሄድ፣ በውጭ አጠራሩ ኤግዚስቴንሻል ካውንስሊንግ፣ ከዚህ ፍልስፍና ነው የሚቀዳው። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ኧርቪን ያሎም በ1980 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ሰው የሆነ ሁሉ የማያመልጣቸውን አራት ነገሮች ይዘረዝራል፦ ሞት፣ ነጻነት፣ ብቸኝነትና ትርጉም ማጣት። በዚህ መንገድ የሚሠራ አማካሪ ጭንቀትን ሁሉ በሽታ ነው ብሎ አይነሳም። አንዳንዱ ጭንቀት ሰው ሕይወቱን የምር ስለያዛት የሚመጣ ነው። እንዲህ ያለውን በምክር ቶሎ ማብረድ ልጅ ሲያስነጥስ አፉን እንደመያዝ ነው።

ከዚህ ጎራ ሰዎች ለኛ ልጆች የሚቀርበኝ ግን ቪክቶር ፍራንክል ነው። ፍራንክል ሲነሳ ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ ናዚ ማጎሪያ ነው። እውነት ነው፤ አባቱን፣ እናቱን፣ ወንድሙንና ሚስቱን በዚያ መከራ አጥቷል፣ ከኦሽዊትዝም ከሌሎችም ካምፖች በሕይወት ወጥቶ በ1946 እ.ኤ.አ. ዝነኛ መጽሐፉን አሳትሟል። ከዚያ በፊት ያለው ታሪኩ ግን ብዙም አይወራም። በ1920ዎቹ መጨረሻ ገና የሕክምና ተማሪ ሳለ በቪየና ለወጣቶች ነጻ የምክር ጣቢያዎች አቋቁሞ ነበር። የትምህርት ውጤት የሚሰጥበት ሰሞን ለተማሪዎች በተለይ ይተጋ ነበር፤ ካርድ የተቀበለ ልጅ ራሱን እንዳይጎዳ ስለሚሰጋ። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት፣ ሌላ አህጉር ላይ፣ ያው ጥያቄ፣ ያው ሰሞን።

ፍራንክል ሰው መከራ ውስጥም ቢሆን ትርጉም ሊያገኝ ይችላል ይላል። ይህን ሐሳብ ነበር እኔም ለልጁ የሰጠሁት የመሰለኝ። አንድ ነገር ግን ዘልዬ ነበር። ፍራንክል ስለ ካምፑ የተናገረው በራሱ መከራ ላይ ቆሞ ነው። አንድ ሰው ከአጥሩ ውጭ ሆኖ፣ ሆዱ ሞልቶ፣ «አይዞህ ፍራንክል፣ ለበጎ ነው» ቢለው ኖሮ ያንኑ ቃል ስድብ ያደርገው ነበር።

ይህን ከመጽሐፍ በፊት ከቤቴ ማወቅ ነበረብኝ። ዳንግላ ልጅ ሳለሁ ታናሽ እህቴ ሞተች። በሁለተኛው ቀን አንዲት ጎረቤት ከእናቴ አጠገብ ተቀምጣ «እቴ፣ ለበጎ ነው፤ እግዜር የሚወደውን ነው የሚወስድ» አለቻት። እናቴ ምንም አልመለሰችም፤ ብድግ ብላ ወደ ጓዳ ገባች፣ ሴትዮዋ እስክትሄድም አልወጣች። ከብዙ ወራት በኋላ፣ ቡና እየወቀጠች፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ለራሷ ይሁን ለእኛ ሳይታወቅ፣ «እንግዲህ ለበጎ ነው» አለች። ወቀጣዋንም ቀጠለች።

ቃሉ አንድ ነው። በጎረቤቷ አፍ ፍርድ ነበር፤ ጉዳዩ ተዘግቷል፣ አታልቅሺ የሚል ፍርድ። በእናቴ አፍ ጊዜ እምነት ሆነ፣ ጉልበትም ሆነ። ለዚህ ነው «ለበጎ ነው» የባለቤቱ ድርሻ ነው የምለው። ሌላው ሰው፣ አማካሪም ይሁን ጎረቤት፣ ቄስም ይሁን ጓደኛ፣ ያቺን ቃል ቀድሞ ከአፉ ከነጠቀው ሰውየው የራሱን መልስ የሚያገኝበትን ጊዜ ይወስድበታል። ይህን እንደ ስርቆት ነው የማየው፤ ደግ ልብ ያለው ስርቆት።

* * *

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ስትሄዱ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቀጥ ቀጥ ብሎ የቆመ ዛፍ ታያላችሁ። ዲከረንስ ይሉታል፤ መነሻው አውስትራሊያ የሆነ የግራር ዓይነት ነው። በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ በአዲስ ቅዳም ዙሪያ፣ አሲድ የበዛበት መሬት እህል አልሰጥ ሲል ገበሬው ይህን ዛፍ መትከል ያዘ። በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ ጋር ጤፍ ይዘራል፤ ቀጥሎ ሣሩ ለከብት ይታጨዳል፤ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ዛፉ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፤ ከሰሉ አዲስ አበባ ድረስ ይጫናል። ብዙ ቤት ቆርቆሮ የለበሰው፣ ብዙ ልጅ ከተማ ተልኮ የተማረው በዚህ ዛፍ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ዝገት የሚመስል በሽታ ዛፉን መታው።

አንድ ቀን ወደ ስድሳ የሚጠጉ አባት መጡ። «እኔስ ደህና ነኝ ልጄ። የመጣሁት ስለ ልጁ ነው፤ አልሠራም ብሎ ተኝቶ ይውላል» አሉኝ። ስለ ልጁ ጥቂት አወሩ። ከዚያ ወሬው ወደ ዛፉ ዞረ። መሬታቸውን በሙሉ ዲከረንስ አልብሰው ነበር። ታላቅ ወንድማቸው ግማሹን ለእህል ተው ብሏቸው ኖሯል። «እኔ ነኝ እምቢ ያልሁ» አሉ። እዚህ ላይ ሲደርሱ እስካሁን በአማርኛ ሲያወሩ የነበሩት ሰውዬ በአዊኛ ቀጠሉ። ከባዱ ነገር በእናት ቋንቋ ነው የሚወጣው። ጥሩ አዊኛ ባልችልም አላቋረጥኳቸውም።

ሰው ሁሉ «በሽታው ከላይ የመጣ ነው፤ የእርስዎ ጥፋት አይደለም» ብሏቸዋል። እውነት ነው። የሳቸው ጥያቄ ግን ሌላ ነበር። እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ ለቤታቸው ሲወስኑ የኖሩ ናቸው። «ምንም ጥፋት የለብዎትም» ስትሏቸው «ምንም አልወሰኑም» እንዳላችኋቸው ነው የሚሰሙት። ጥፋቱን ስታነሱላቸው መራጭነታቸውንም አብራችሁ ታነሳላችሁ። ለትልቅ ሰው ደግሞ ይህ ከዕዳ ይከብዳል።

እናም የጠየቅኋቸው ይህን ብቻ ነው፦ «አባቴ፣ ያኔ ሲተክሉ ምን አስበው ነበር?»

ረጅም ጊዜ አወሩ። ሴት ልጃቸውን ኮሌጅ ለማስገባት አስበው ነበር፤ አስገብተዋታልም። የሞተችውን ሚስታቸውን አነሱ። ወንድማቸው የፈራውን፣ እሳቸው የደፈሩትን አወሩ። መጨረሻ ላይ በአማርኛ፣ «እንግዲያማ ያኔ ያወቅሁትን ነው የሠራሁ» አሉ። እኔ ብላቸው ኖሮ ምክር ብቻ ይሆን ነበር። እሳቸው ሲሉት ሌላ ነገር ሆነ። ሲወጡም «ለበጎ ነው አልልህም ልጄ። ድንቹን ግን እተክላለሁ» ብለው ሄዱ።

* * *

ከወጣትም ከአዋቂም ጋር ስቀመጥ ልዩነቱን ያየሁት እንዲህ ነው። አዋቂው የኖረውን ሕይወት ነው የሚያለቅሰው፤ ወጣቱ ገና ያልኖረውን። አዋቂው ብዙ ነገር መርጧል፤ የሚፈልገው ምርጫውን አብሮት የሚያይ ሰው ነው፣ ሳይኮንነው፣ ነጻ ነህ ብሎም ሳያባርረው። ወጣቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የመረጡለትን ነው ተሸክሞ የሚመጣው። ስለዚህ ከወላጅ ጋር ሲመጣ ወላጁን በትህትና ውጭ እንዲጠብቅ እለምናለሁ፤ አባት ባለበት ልጅ የአባቱን መልስ ነው የሚመልሰው። ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ የማያወራ ልጅ ጎን ለጎን እየሄደ ያወራል፤ ስለዚህ እንወጣለን፣ በእግራችን እንሄዳለን። «ምን መሆን ትፈልጋለህ?» የሚለውን ጥያቄ ትቼዋለሁ፤ እሱን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጠየቅ ኖሯል። «ባለፈው ሳምንት ሰዓቱ ሳይታወቅህ የሄደው መቼ ነው?» እላለሁ። ብዙ ጊዜ መልሱ ትንሽ ነገር ነው፤ የጎረቤት ሬዲዮ ሲጠግን፣ ታናሽ እህቱን ስታጠና ሲያግዛት። ትንሿ ነገር የእሱ ናት። ማንም አልመረጠለትም።

ይህ ጥበብ ከቪየና ብቻ የመጣ አይደለም። እኛ ለቅሶ ላይ አሳምረን እናውቀዋለን። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል። እድሩ ይመጣል። ለቅሶ ደራሹ «እግዜር ያጥናችሁ» ይልና ቁጭ ይላል። ብዙው ሰው ምንም አይናገርም፤ ተቀምጦ መዋሉ ነው ንግግሩ። ሰልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ሐዘን ጊዜ እንደሚፈልግ ስለምናውቅ ጊዜውን በቀን ቆጥረን ሰጥተነዋል።

ተስፋ ሲሞት ግን ድንኳን አይተከልም። የልጁ ዩኒቨርሲቲ ሞቷል፤ ለቅሶ ደራሽ የለውም። ዓረብ አገር ስምንት ዓመት ሠርታ ለወንድሞቿ ቤት ሠርታ የተመለሰች ሴት ወጣትነቷን ቀብራ መጥታለች፤ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» እንጂ «ምን ሆነሽ መጣሽ?» የሚላት የለም። አስከሬን የሌለው ሐዘን ስለሆነ በማግስቱ «አይዞሽ፣ ያልፋል» እንላለን። እኛም ሰውየውም «ሆድ ይፍጀው» ብለን እንለያያለን። ሆድ ግን ሁሉን አይፈጅም።

የአማካሪ ሥራ ምንድን ነው ብትሉኝ፣ አስከሬን ለሌለው ሐዘን ድንኳን መትከል ነው እላለሁ። ሰው ቁጭ የሚልበት፣ መልስ የማይጣደፍበት ቦታ ማዘጋጀት።

* * *

ሦስት ተቃውሞ እሰማለሁ። ሦስቱም ተገቢ ናቸው።

የመጀመሪያው፦ «እንጀራ የሌለው ሰው የሕይወት ትርጉም ምን ያደርግለታል?» አንድ ጓደኛዬ ሁሌ በዚህ ይሞግተኛል። ልክ ነው፤ ትርጉም እንጀራ አይተካም። ሥራ ለሌለው ልጅ «ትርጉም ፈልግ» ብሎ ሥራ የመፍጠር ዕዳን ከራስ ማውረድ ነውር ነው። አገር ያበላሸውን ነገር የልጁ የአመለካከት ችግር ማድረግም እንዲሁ። ግን ደግሞ ትርጉም የጠገበ ሰው ቅንጦት አይደለም። እኚያ የድንች አባት ጠግበው አልነበረም የመጡት። ድሃ ሰው ከእንጀራው ሌላ ጥያቄ የለውም ማለት ሌላ ንቀት ነው።

ሁለተኛው ከእምነት በኩል ይመጣል፦ «ይህ የንስሐ አባት ሥራ አይደለም ወይ?» ከንስሐ አባት ጋር አልሻማም። እምነት ያለው ሰው እምነቱን ይዞ ነው የሚገባው፤ በሩ ላይ አውልቀህ ግባ አልለውም። «ለበጎ ነው» ብሎ ለሚያምን ሰው ያቺ ቃል ምርኩዙ ናት፤ ምርኩዝ አልነጥቅም። እኔ የማልፈልገው ምርኩዙን በሌላ ሰው ጀርባ ላይ ማሳረፍን ነው።

ሦስተኛው ይበልጥ ያስፈራኛል፦ «ጥያቄ ነው ብለህ የተውከው ነገር በሽታ ቢሆንስ?» ሊሆን ይችላል። እንቅልፍ ለሳምንታት ሲጠፋ፣ ምግብ ሲዘጋ፣ ሰው ከአልጋው መነሳት ሲያቅተው፣ የሌለ ድምፅ ሲሰማ፣ ያኔ ሐኪም ያስፈልጋል፤ ፍልስፍና አይበቃም። ስለ ሞት ደግሞ በግልጽ መጠየቅ ያስፈልጋል፦ «መሞት አስበህ ታውቃለህ? አሁንስ ታስባለህ?» ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ ይፈራዋል፤ ሐሳቡን የሚያስገባበት ይመስለዋል። አያስገባም። ብዙውን ጊዜ ልጁ ለወራት ብቻውን የተሸከመውን ነገር የሚያራግፍበት በር ነው። መልሱ «አዎ» ከሆነ ብቻውን አይተውም፤ ቤተሰብ ይጠራል፣ ወደ ሆስፒታል አብሮ ይኬዳል። ሽማግሌዎቻችን «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው» ብለዋል። ማጭዱን ማራቅ ግድ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሆዱ ለምን እንደባሰው የሚጠይቅ ሰውም ያስፈልጋል።

እኔ ያን ልጅ ይህን አልጠየቅሁትም። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

* * *

ከሁለት ዓመት በላይ አለፈ። እናቴን ልጠይቅ ዳንግላ ሄጄ ስመለስ መናኸሪያ ውስጥ «ቲቸር!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አላወቅሁትም ነበር፤ ጢም አውጥቷል። የሚኒባስ ረዳት ሆኗል። መኪናው እስኪሞላ ጊዜ አለን ብሎ ሻይ ቤት ይዞኝ ገባ።

ስለ ሥራው አወራን። ስለ መንገዱ አወራን፤ መቼ እንደሚከፈት፣ መቼ እንደሚዘጋ። ከዚያ እየሳቀ፣ «ለበጎ ነው ብለውኝ ነበር እኮ፤ እስካሁን በጎውን እየፈለግሁት ነው» አለኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን አፈርኩ። «ያን ቀን ይቅርታ» አልኩት። «ችግር የለም ቲቸር። ሰዓትዎን እያዩ ነበር፤ ሰው እንደሚጠብቅዎት ገብቶኛል።»

ሰዓቴን ማየቴን አላስታውስም። እሱ ግን ያስታውሳል።

ሁለት ዓመት ዘግይቼም ቢሆን ጠየቅሁት። «ከቢሮ ወጥተህ ወዴት ሄድክ?»

ብርጭቆውን አዞረ፣ አዞረ። «ዘንገና» አለ። ዘንገና ከእንጅባራ ብዙ የማይርቅ ሐይቅ ነው፤ ዙሪያውን በዛፍ የተከበበ፣ ክብ፣ ጸጥ ያለ። «ዳሩ ላይ ቁጭ ብዬ አመሸሁ።»

«መሞት አስበህ ነበር?»

ቀና ብሎ አየኝ። «አስቤ ነበር» አለ። «ሳስበው ሳስበው ግን አንድ እረኛ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። ትንሽ ልጅ ነው። ምንም አላለኝም። በቆሎ እሸት... አይ፣ ጥር ነው እኮ፤ ቆሎ ነው፣ ቆሎ ሰጠኝ። ሲመሽ ከብቶቹን ነድቶ ሲሄድ እኔም ተከትዬው ተነሳሁ።»

«አሁንስ?» አልኩት።

«አሁን እንደዚያ አላስብም። ምን እንደሆንሁ ግን አሁንም አላወቅሁም፤ ረዳት ነኝ እላለሁ ሰው ሲጠይቀኝ።» ትንሽ ቆየና፣ «ማታ ማታ የመኪናውን ሞተር ከሹፌሩ ጋር ስንፈታ ደስ ይለኛል» አለ።

«አይዞህ» አላልኩትም። አፌ ላይ መጥታ ነበር፤ ዋጥኳት። ስለ ሞተሩ ጠየቅሁት። ብዙ ነገረኝ፤ ግማሹ አልገባኝም። ሰዓቴን ሆነ ብዬ ኪሴ ውስጥ ከትቼው ነበር።

ሹፌሩ ጡሩምባ ነፋ። ሻዩን እኔ ልክፈል ብዬ ኪሴን ስዳብስ ቀደመኝ። «ተዉት ቲቸር» አለ፣ ከእጁ የማይጠፋውን የዝርዝር ጥቅልል እየፈታ። «ረዳት ዝርዝር አያጣም።»